በጠርዙ ላይ ያለው አውራ ጣት

«እስከ ቀትር ደህና ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አይታመኑም። በጠዋት ይዣቸው ብመጣ ነው የሚሻለው።»

ልጃቸው በስልክ እንዲህ ሲል ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ሰሙት። ስለ ማን እንደሚያወራ ለመገመት ብዙም አልተቸገሩ፤ በዚያ ቤት ከቀትር በኋላ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ወተቱና እሳቸው ናቸው፣ ወተቱ ደግሞ ትናንት አልቋል። የሚተኙት ወጥ ቤቱ ጥግ፣ በኮምፔንሳቶ በተከለለች፣ አልጋው ከገባባት በኋላ ለቆመ ሰው ስፍራ በማትተርፍ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ሚስታቸው አርፈው፣ እሳቸውም አንድ ሻንጣ አንጠልጥለው እዚህ ከገቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ በነዚህ ዓመታት ስለ ራሳቸው ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። ሳላቸው ሰው እንደማያስተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ከገቡ ቶሎ እንደማይወጡ፣ ከከተማው ዳር የአረጋውያን መጦሪያ እንዳለና ግቢውም «አበባ በአበባ» እንደሆነ። ይህን የመጨረሻውን የተናገረችው ምራታቸው ናት። አበባው ያን ያህል ካማረሽ አንቺው ግቢበት ሊሏት ፈልገው ነበር፤ ዋጥ አድርገው ተዉት። ያረጀ ሰው ከኪኒኑ ይልቅ የሚውጠው ነገር ይበዛል።

የዚያን ዕለት ግን ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ አደረ። ምራታቸው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችላቸው፤ ሸሚዛቸውን ተኮሰች፤ ሻዩንም ስኳር አብዝታ «አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡት» እያለች በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ልጃቸው የራሱን ኮት አውልቆ አለበሳቸው። ትከሻው ሰፋቸው፣ እጅጌውም ጣቶቻቸውን ዋጣቸው፤ ምራታቸው ጎንበስ ብላ በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጋ አሳጠረችው። ሽማግሌው እንደ ሙሽራ መሀል ቤት ቆመው፣ ደግነት እንዲህ ድንገት ሲመጣ የሚያስከፍለው ምን ይሆን እያሉ ያስቡ ነበር። አልጠየቁም። ሲጠይቁ የሚወደድላቸው ዘመን አልፏል።

ልጃቸው ደላላ ነው። ቤት ደልሏል፣ መኪና ደልሏል፣ የሚያውቁት ደግሞ የመቃብር ቦታ ሳይቀር ደልሏል ይሉታል፤ ዛሬ ተራው የአባቱ ነበር። ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ነገሩን ለሕፃን እንደሚያስረዳ እየደጋገመ አስረዳቸው። አንድ የሰድር ፋብሪካ ያለው ሀብታም አለ። ይህ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድን ሟች ፎቶ አንሺ ሥራዎች ሲያሳድድ ኖሯል፤ ከመበለቷ ቤት፣ ከተዘጋ ጋዜጣ ምድር ቤት፣ በፎቶው ውስጥ ካሉት ሰዎች ልጆች ሳይቀር እየገዛ ሠላሳ ስምንት አድርሷል። ያ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሽማግሌው ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ አጣቢ ሆነው ያገለገሉት አለቃቸው ነው። በሕይወት ሳለ ሰው እብድ ይለው ነበር። ሌላው ፎቶ አንሺ ሰው አስቀምጦ፣ አበባ አስይዞ «ፈገግ በሉ» ሲል፣ እሱ ጣራ ላይ ወጥቶ ከፋብሪካ በር የሚወጡትን ሠራተኞች ጥላ ያነሳል፤ ደረጃ ላይ እንቅልፍ የጣለውን የቀን ሠራተኛ ከጫማው ሥር ተንበርክኮ ያነሳል፤ ሰው ወደሱ ዞሮ ሊስቅለት ሲል ካሜራውን ያወርዳል። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም እንዲሉ፣ ከሞተ በኋላ ነው ሊቃውንት ተነስተው አዲሱን አነሳስ ያስተማረን እሱ ነው ያሉት፤ ዛሬ ዛሬ ሥራው በጨረታ ይሸጣል፤ ባለፋብሪካውም የሰበሰባቸውን ሊሸጥ ነው።

ሽማግሌው የተፈለጉት ለምስክርነት ነው። ልጃቸው እንዳስረዳቸው ከሆነ፣ በዚህ ንግድ ዋጋ የሚያወጣው ምስሉ ብቻ አይደለም። ነጋቲቩ ዛሬ ቢታጠብ ያው ምስል ይወጣል፣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ገዢ የሚሻማው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዘመን ወረቀት፣ ያነሳው ሰው ራሱ በገዛ እጁ ያጠበውን ነው። እንግዲህ እሳቸው «አዎ፣ ሁሉንም ያጠበው እሱ ራሱ ነው» ብለው ከፈረሙ ጨረታው ይከፈታል፣ ልጃቸውም ድርሻውን ያገኛል፣ ሰፋ ያለ ቤት ይከራያል። «የራስህ ክፍል ይኖርሃል፣ አባዬ። መስኮት ያለው። በር ያለው» አላቸው። ካልሆነ ደግሞ፣ አለና ወደ ውጭ እያየ ዝም አለ። ዝምታው አበባ በአበባ ነበር።

ነገሩ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አለቃቸው የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ቆዳውን ስለሚያሳክከው እጁን አርሶ አያውቅም፤ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ የሚገባው ጋዜጠኛ ሲመጣ ብቻ ነበር፣ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ በማጠቢያ ሳህኖቹ ፊት ቆሞ ፎቶ ለመነሳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀይ አምፖል ሥር የቆሙት እሳቸው ናቸው። የድሮው ሰፈራቸው ሰው «ጨለማው» የሚል ቅጽል ያወጣላቸው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ገብተው ፀሐይ ከገባች በኋላ ስለሚወጡ ነው። ቢሆንም በሩን አሰቡት። ዘግተውት ሊተኙ፣ ከፈለጉም ሊስሉ። ክብሩ ድሮም የእሱ ነበር፣ አሁንም ይውሰድ፣ እኔ በሩን ልውሰድ ብለው በልባቸው ጨረሱና «እፈርማለሁ» አሉት። ልጃቸው ደስ ብሎት ጉልበታቸውን መታ መታ አደረገ። ከዚያ በፊት መቼ እንደነካቸው ሊያስታውሱ ሞክረው አቃታቸው።

የባለፋብሪካው ቤት ወለሉ ፊት ያሳያል። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፎ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠረላቸው ሁለተኛ ፎቅ አወጣቸውና ፎቶዎቹ ወዳሉበት ክፍል ገቡ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወርዷል፣ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ ግድግዳው ዙሪያውን መሳቢያ ነው። ሽማግሌው በዓይናቸው ለኩት፤ ከልጃቸው ቤት በሙሉ ይሰፋል። ባለፋብሪካው ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲናገር የማይቸኩል ዓይነት ሰው ነው። ብርሃን እንደሚበላቸው፣ ሙቀት እንደሚበላቸው፣ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር እንደሚጎዳቸው ስለ ፎቶዎቹ ሲነግራቸው፣ ስለታመመ ልጅ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። በአንድ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ከጨረታ ቤቱ የመጣች ባለሙያ አጉሊ መነጽሯን ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ብድግ ብላ ነው የተቀበለቻቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ከሳጥኑ ሲወጣ ሽማግሌው ሳያስቡት እጃቸውን ሰደዱ። ባለፋብሪካው እጃቸውን በቀስታ ያዘና «በባዶ እጅ አይነካም፣ አባባ» ብሎ ነጭ ጓንት ሰጣቸው። በነዚያው ጣቶች ከውሃ ያወጧቸውን ፎቶዎች መሆኑ ነው እንግዲህ። አጠለቁት፤ ምን ይደረጋል።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ግን ሽማግሌው የመጡበትን ረሱት። የእርጥብ ወረቀቱ ሽታ፣ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው መድኃኒት፣ የቧንቧው ጠብታ ሁሉ መጣባቸው። ይሄን ያጠብኩት ሚስቴ ምጥ ላይ ሳለች ነው፤ ይሄን ያጠብኩ ዕለት መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል፤ እያሉ በልባቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ዝናብ ባረጠበው ግድግዳ ሥር ሴቶች ለዳቦ ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ አንዲቱ ብቻ ዞር ብላለች። ነጋቲቩ ላይ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ሰጥሞ ነበር። ሽማግሌው ሽቦ ጫፍ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ካርቶን ሰክተው፣ ከፎቶ ማጉያው ብርሃን ሥር ፊቷን እንዲከልል እያወዛወዙ፣ እስከ አሥራ አንድ እየቆጠሩ ነው ያወጧት። አሥር ላይ ካቆሙ ሴትዮዋ ትጠፋለች፣ አሥራ ሁለት ከደረሱ የበሽተኛ ፊት ይሆናል። ዘጠኝ ወረቀት አበላሽተው አሥረኛው ላይ ስትወጣ ብቻቸውን ጨለማ ውስጥ እንደ ልጅ ስቀው ነበር። አሁን ባለፋብሪካው ከጎናቸው ቆሞ፣ ታላቁ ሰው ይህችን ፊት ለማውጣት ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኛ እንዳደረ ይተርክላቸዋል። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። በሩን አሰቡ። የሚፈረመው ወረቀት ቀረበ፣ ብዕሩም ቀረበ፣ ያዙት።

ያኔ ነው ባለሙያዋ ደስ ልታሰኛቸው ብላ ነገሩን ያበላሸችው። ለጨረታው የሚታተመውን መጽሐፍ ሽፋን አውጥታ ፊታቸው ዘረጋችው። ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላው አንድ ትልቅ ቡናማ የአውራ ጣት አሻራ ነው። በሠላሳ ስምንቱም ፎቶዎች ላይ፣ ከታች በስተግራ፣ ነጩ ጠርዝ ላይ ይህ አሻራ እንዳለ፣ ለክምችቱም ነፍስ የሆነው እሱ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ታላቁ ሰው እርጥቡን ወረቀት በገዛ ጣቱ ይዞ ያወጣው እንደነበር ማስረጃው ይህ ነው። በአሻራው ላይ ሰያፍ የሚያልፈውን ነጭ መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ይህም ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳ በዱላ ተመትቶ የቆሰለው ቁስል መሆኑን በመግቢያው ላይ ስድስት ገጽ እንደጻፈችበት ጨመረችላቸው።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«የወረቀት መቁረጫ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው የቆረጠኝ።»

ጓንታቸውን በጥርሳቸው ስበው አወለቁና አውራ ጣታቸውን ከሽፋኑ አጠገብ አኖሩ። ጠባሳው እንደተሰፋ ጆንያ ከጥፍሩ ሥር ተነስቶ ሰያፍ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ለእሳቸውም አዲስ ነበር። መቆንጠጫው እርጥብ ወረቀት ይቧጭራል ብለው፣ በጣታቸው ይዘው ያወጡ ነበር፤ መድኃኒት የነካው ጣት ግን በዕለቱ አይታይም፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው ቀስ ብሎ ቡናማ እየሆነ ብቅ የሚለው። ፎቶዎቹን ደግሞ ከዚያ ወዲህ አላዩዋቸውም። ባለሙያዋ አጉሊ መነጽሯን አንስታ ጣታቸውን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ተመልሳ ጣታቸውን አየች። ሌላ ፎቶ ሳበች፤ ሌላም። ሽማግሌው ግን ደስ አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቦታ ስማቸው አልተጻፈም፤ ለካስ ጣታቸው እሳቸው ሳያውቁ በየፎቶው ላይ ሲጽፍላቸው ኖሯል። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አላፈሩበትም። ቀና ብለው ሰዎቹን ያዩት አንድ ሰው እንኳ «እሰይ» እንዲላቸው ፈልገው ነው።

ማንም አላለም። የልጃቸው ፊት አመድ መስሏል። ገና አራት ሰዓት ቢሆንም፣ አባቱ እንደደከማቸው፣ ሲደክማቸው እንዲህ እንደሚቀላቅሉ ለባለፋብሪካው ያስረዳ ጀመር። ባለፋብሪካው አልሰማውም። ብዕሩን አንስቶ በአክብሮት ወደ ሽማግሌው መለሰና፣ ይፈርሙ፣ ቃል የተገባው ሁሉ እንዳለ ነው፣ አላቸው። ሽማግሌው ብዕሩን አዩት።

«ቅድም ቢሆን እፈርም ነበር» አሉ። «አሁን ጣቴ እያየኝ እንዴት ብዬ?»

«አባዬ» አለ ልጃቸው። ሁሉም ነገር በዚያች ቃል ውስጥ ነበር፣ ክፍሉም፣ በሩም፣ መጦሪያውም። ሽማግሌው ሰምተውታል። ምናልባት ይገባቸው ይሆናል ብለው ሌላ መላ አቀረቡ፤ ታዲያ ያጠብኳቸው እኔ እንደሆንኩ ተናግራችሁ ብትሸጧቸውስ፣ ሥራው ያው ሥራ ነው፣ የሴትዮዋም ፊት ያው ፊት ነው፣ አሏቸው። ባለፋብሪካው አልሳቀባቸውም። በርኅራኄ ነው ያያቸው።

«አባባ፣ የእርስዎን እጅ ማን ይገዛል?»

ባለሙያዋ አጉሊ መነጽሯን ጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ እየከተተች፣ ቢፈርሙም እንደማይጠቅም ተናገረች። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ ትሑት ነው። የሟቹ አሻራ የትም እንዳልተመዘገበ አጣርታለች፣ ስለዚህ የእሱ አይደለም ብሎ የሚነሳ አይኖርም፤ በዓለም ላይ ይህን መጽሐፍ ሊያፈርስ የሚችለው አንድ ጣት ብቻ ነው። ይህን ስትል ሦስቱም ወደ ሽማግሌው እጅ አዩ። እሳቸውም ጣታቸውን ሳያስቡት ወደ መዳፋቸው አጥፈው ጨበጡት። ባለፋብሪካው ጥቂት አሰበና፣ እሳቸውን ትቶ ወደ ልጃቸው ዞሮ «አባታችን ስንት ዓመታቸው ነው?» ሲል ጠየቀ። ሰባ ስምንት፣ አለ ልጁ ፈጠን ብሎ። ጤናቸውስ? ደላላ የሚሸጠውን ዕቃ ጉድለት ይደብቃል እንጂ አይዘረዝርም፤ ልጃቸው ግን ያን ዕለት ዘረዘረው። ልባቸው ይደክማል፣ ስኳር አለባቸው፣ ሌሊት ያፍናቸዋል፣ ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሽማግሌው ቆመው አዳመጡት። ስለ ራሳቸው እንዲህ በግልጽ፣ ያለ ኮምፔንሳቶ ሲወራ የሰሙት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«እንግዲያውስ እንቆያለን» አለ ባለፋብሪካው፣ ሰባተኛውን ፎቶ ወደ ሳጥኑ እየመለሰ። «ፎቶ ቢቆይ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያንተም ድርሻ አይነካም፤ ጊዜው ሲደርስ ትደውልልኛለህ።» በር ድረስ ሸኛቸው። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ አባባ» አላቸው። የለመደ አፍ ነውና ሽማግሌውም «አሜን» አሉት።

ደረጃውን ሲወርዱ ልጃቸው አምስት ስድስት ደረጃ ቀድሟቸው ነበር። እሳቸው የብረት ድጋፉን ይዘው፣ በሚያንሸራትተው ሰድር ላይ እግራቸውን እያስቀደሙ፣ አንድ አንድ እያሉ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ቆሞ እያያቸው ነበር፤ ምን ሲያስብ እንደቆየ ሊያውቁ አልፈለጉም፣ ግን አወቁት። ልጅ የወለደ ሰው የልጁን ፊት ማንበብ አይጠፋውም። ሳይደብቁ ለመናገር፣ ከልባቸው ድካም የከፋ ነገር ያን ጊዜ ደረታቸውን ወጋቸው፤ ይህ ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው ታሞ፣ ሰባት ሌሊት ደረታቸው ላይ አስተኝተው ያዳኑት ልጅ ነው። ታክሲው ውስጥ ልጃቸው ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። መንገዱ ሲጋመስ፣ ሳይዞር፣ ድንገት ጠየቃቸው።

«ግን እውነቱን፣ ሰባ ስምንት ነው ሰማንያ?»

«ሰባ ስድስት» አሉት ሽማግሌው። «ሥራ ስቀጠር ልጅ ነህ እንዳይሉኝ ሁለት ጨምሬ ነው ያስመዘገብኩት። እናቴ በዘጠና ስድስት ዓመቷ ነው የሞተችው፤ ጥርሷ እንኳ አልወለቀም።»

ሾፌሩ «ወይ የድሮ ሰው!» ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ቤት ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ነው። ምራታቸው በሩን ከፍታ ጠበቀቻቸው፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ከጎረቤት የተዋሰችው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ያለበት ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ፈርመው እንደሆነ ጠየቀች።

«ይቆያል» አላት ልጃቸው።

«እስከ መቼ?»

ልጃቸው ዞር ብሎ አባቱን አየ። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየቻቸው፤ መጀመሪያ ሳይገባት፣ ቀጥሎ ገብቷት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አዩዋቸው። ሽማግሌው ጋዜጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ርቦኛል» አሉ። «ሞቅ አድርገሽ አቅርቢልኝ፤ ከሥሩ ጨልፊ።»

ምራታቸው ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።